ከአልጋ ሥር ያለ ትምህርት ቤት

ፈሂማ ሐሙስ ማታ ደወለችልኝና «እትዬ ልደታ፣ ነገ በእኛ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ይምጡልኝ። ብቻዎን ይምጡ፣ ለማንም አይንገሩ» አለችኝ። ሰው የሞተ መሰለኝ። «ማን ምን ሆነ?» ብዬ ስጮህባት «ኧረ ማንም ምንም አልሆነ፣ ሁሉም ደህና ነው» አለች። ፈሂማን የሚያውቅ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ ነው መፍራት ያለበት። ለሐኪም፣ ለአለቃ፣ ለጎረቤት፣ ለሁሉም መልሷ አንድ ነው፤ ሁሉም ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ጊዜ እጇ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ እያየሁት ደህና ነኝ ብላኛለች።

እኔ በስቶክሆልም ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ የማስተምር ሴት ነኝ። በወጣትነቴ ኬሚስትሪ ልማር መጥቼ ዕድሜዬን ሙሉ ሀ ሁ ሳስቆጥር ኖርኩ። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቶኛል። የፈሂማ ልጅ ባህረዲን በሳምንት አንድ ሰዓት እኔ ዘንድ ይማራል። የምኮራበት ተማሪዬ ነበር። ያ ኩራት የሞኝ ኩራት እንደነበረ አሁን መናገር አያሳፍረኝም፤ ማለቴ፣ ያሳፍረኛል፣ ግን እናገራለሁ።

ዓርብ ኪስታ ከሚባለው ሰፈር ቤቷ ስደርስ በሩን ከኋላዬ ቆለፈች፣ ሰንሰለቱን አጠለቀች፣ ከዚያ ሄዳ መጋረጃውን ዘጋች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ በመስኮት የሚያያት ወፍ ብቻ ነው።

«ፈሂማ፣ ሰው ገድለሽ እንዳይሆን» አልኳት።

አልሳቀችም። መኝታ ቤት አስገባችኝና ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ስትከፍተው መጻሕፍት ነው። ምንጣፉ ላይ በሦስት ከፍላ ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው ክምር የአክስቷ ልጅ ከእንግሊዝ የላከላት ነው፤ ወፍራም ወፍራም፣ ሥዕል የሌለው። ሁለተኛው ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ማንበብ ለሚከብዳቸው ልጆች የተዘጋጀ፣ በእንጨት የተቆረጡ ፊደሎች ያሉት፣ እናትየዋ በየቀኑ ለልጇ የምትናገረው ነገር ሳይቀር በሰማያዊ ቀለም የታተመበት። ሦስተኛው እህቷ ከአዲስ አበባ የላከችው የአንደኛ ደረጃ የመማሪያ መጻሕፍት ነው።

«ቤት ላስተምራቸው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሦስቱንም። እርስዎ አስተማሪ ነዎት፣ የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ይምረጡልኝ። ሁሉንም መያዝ አልችልም።»

እዚህ አገር ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር ክልክል ነው ማለት ይቻላል። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለብርቱ ምክንያት ካልፈቀደ በቀር አይሆንም፤ እሱም ሲፈቅድ አይቼ አላውቅም። ይህን ፈሂማ ከእኔ በላይ ታውቃለች። መጋረጃ የዘጋችው ለዚህ ነው።

«የት ወስደሽ ነው የምታስተምሪያቸው?»

«ኦላንድ» አለች። በመርከብ ጥቂት ሰዓት የሚያስሄድ የፊንላንድ ደሴት ነው፤ ሰዉ የሚናገረው ስዊድንኛ ነው። እዚያ ይፈቀዳል ሲባል ሰምታለች፤ ከዚህ ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ስዊድኖችም አሉ ይባላል። ትኬቱን ቆርጣለች። ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ለአራት ሰው። ባሏ ዓወል አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልሰማም።

ተቀመጥኩ።

ፈሂማ የደሴ ልጅ ናት። አባቷ የሰፈር ልጆችን ቁርኣን ያቀሩ ነበር። ትምህርት ማለት ለእሷ ያ ነው፤ ትልቁ ልጅ ይላል፣ ትንሹ ይቀበላል፣ ሳይደናቀፍ ያለው ልጅ አወቀ ይባላል። ስቶክሆልም ከመጣች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሶደርማልም በሚባለው ሰፈር አዛውንቶችን ቤት ለቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። አፏ ስዊድንኛ እንደ ጉድ ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹን ታስቃቸዋለች። ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ሲሰጧት ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ ቤት ይዛው ትመጣለች፣ አስያ ታነብላታለች። አስያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የቤቱ ዓይን እሷ ናት። የባንክ፣ የሐኪም፣ የትምህርት ቤት መልእክት በሙሉ በአስያ ጣት ያልፋል። በእኛ በሐበሾች መካከል ይህ የማይሆንበት ቤት የለም፤ ማንም ነውር ነው ብሎ አያስብም።

ሁለተኛው ባህረዲን ነው፣ አሥር ዓመቱ፣ አራተኛ ክፍል። ሦስተኛዋ ሀዋ ሰባት ዓመቷ ነው። ሀዋ ቃል የዘገየባት፣ አንድ ቦታ የማትቀመጥ ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ ትመርመር ብሎ ነበር። ፈሂማ «ደህና ናት፣ አባቷም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታ» ብላ መለሰች።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ በስልክ መልእክት መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ፣ ዳይሬክተሯ ትገኛለች፣ ኩራቶር የሚሉት ልጆችን የሚያነጋግረው ሰውም ይገኛል። «ስለምንድን ነው?» ብላ አስያን ስትጠይቃት አስያ «ስለ ባህረዲን ነው» አለቻት። ከዚያ በፊት ኩራቶሩ ባህረዲንን ጠርቶ ቤት ስትገባ ምን ታደርጋለህ፣ ማን ያስጠናሃል፣ እያለ ጠይቆታል። ፈሂማ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም ብል ማጋነን አይሆንም።

«የኮሙኑ ሶሻል ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው እትዬ ልደታ። እንዲህ እየጠየቁ ነው የሚጀምሩት።» ስልኳን አወጣችና በየሰዉ የሚዞረውን ቪዲዮ ልታሳየኝ ፈለገች። የምታለቅስ እናት፣ የሚሄድ መኪና። ግማሹ ውሸት ነው ልላት አስቤ ተውኩት። የትኛው ግማሽ እንደሆነ እኔም አላውቅም። እኔንም እኮ ፍርሃት ያዘኝ። የኮሙን ተቀጣሪ ነኝ። ልጅ ችግር ውስጥ ነው ብዬ ከጠረጠርኩ ለሶሻል ማመልከት ግዴታዬ ነው፤ በየዓመቱ ወረቀት ያስፈርሙናል። እሷ ግን ያመነችኝ የአገሬ ሰው ብላ ነው።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «በመጀመሪያ የት እንደደረሱ ልይ» አልኳት። ነገሩን ለማዘግየት ያመጣሁት ሰበብ ነበር።

ባህረዲንን ጠርቼ የአዲስ አበባውን መጽሐፍ የፊደል ገጽ ከፈትኩለት። «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» አለልኝ፣ እንደ ውሃ። ፈሂማ ከወጥ ቤት በር ሆና «ማሻአላህ» አለች። እኔም ልክ በየሳምንቱ እንደማደርገው «ጎበዝ» አልኩት። ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በወረቀት ገጹን ሁሉ ሸፍኜ አንዲት «ሚ»ን ብቻ ተውኩለት።

ባህረዲን ፊደሏን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ከኋላዬ ወደ በሩ አየ። «ሚ» አለ።

ዞር ስል አስያ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከንፈሯ ገና አልተገጠመም።

ወንበሬን አዞርኩና ጀርባዬን በእነሱ መካከል አደረግሁ። «ይቺስ?» አልኩት። ዝም። «ይቺስ?» ዝም። አንገቱ ላይ ላብ አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ልጅ እኔ ፊት ፊደል ሲያዜምልኝ ኖሯል፣ አንዲቱንም ሳያውቅ። ሀ ሁን በዜማ የምናስቆጥር እኛ ነን፤ ያታለለኝም በራሴ ዜማ ነው።

«የስዊድንኛ መጽሐፍህን አምጣ» አልኩት። አመጣ። የመጀመሪያውን ገጽ አንድ ቃል ሳይስት አነበበው። ስለ ፈረስ ነው። አሥር ገጽ ገለጥኩና «እዚህ ጋ» አልኩት። በረጅሙ ተነፈሰና ማንበብ ጀመረ፤ ያንኑ ስለ ፈረስ። ገጹ ላይ ያለው ሥዕል መርከብ ነው።

ፈሂማ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች፣ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ። ሥዕሉን አየችው። እጇን መጥረጓን አቆመች።

«ደክሞት ነው» አለች።

ልጆቹን ወደ ክፍላቸው ሰደደቻቸው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና የእንጨት ፊደሎቹን ወደ ሣጥናቸው መመለስ ጀመረች። «ማክሰኞ ይህን ሊሉኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ልጅሽ ሳያነብ አንቺ የት ነበርሽ ሊሉኝ ነው። በየምሽቱ እሰማዋለሁ እኮ! አስያ ትላለች፣ እሱ ይቀበላል፣ ይላታል! ማክሰኞ አልሄድም። የቱን ልያዝለት? ይህን የእንጨቱን ልያዝ?»

እኔ ክፉ አፍ አለኝ። በተለይ ራሴ ጥፋተኛ ስሆን። «ሦስቱም ጥሩ ናቸው» አልኳት፣ «አስተማሪ ነው የሌላቸው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔስ?»

ያን ቃሌን መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር። ብቻ፣ ማክሰኞ ከቀረች የፈራችው ነገር በእግሩ እንደሚመጣ፣ እኔም አብሬያት እንደምገባ ነግሬ አሳመንኳት። እሷም ስለ መርከቡ ለማንም እንዳልተነፍስ አስማለችኝ። ማልኩላት። ማመልከት የነበረብኝ ሴት፣ ላለማመልከት ማልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ተቀመጥን። ዳይሬክተሯ፣ ኩራቶሩ፣ ፈሂማ፣ እኔ። ዓወል ፈረቃ ላይ ነው። ባህረዲን አልተጠራም፤ የተጠራችው አስያ ናት። ይህ አንዳችንንም አላስገረመንም። ሁልጊዜ የምታስተረጉም ልጅ ናት፣ ልታስተረጉም የመጣች መሰለን። ፈሂማ የሥራ ልብሷን በደንብ ተኩሳ ለብሳለች፤ በጠረጴዛው ሥር እጄን ይዛለች።

ዳይሬክተሯ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችልንና «እንግዲህ ስለ አስያ ነው» አለች።

ስሙን የሳተች መሰለኝ። ፈሂማም «ባህረዲን» ብላ ልታርማት ሞከረች። ዳይሬክተሯ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ከትምህርት መክፈቻ ጀምሮ አስያ አርባ አንድ ክፍለ ጊዜ ቀርታለች። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ደግሞ ሒሳብ። ሦስት መልእክት ለቤት ተልኳል፤ ለሦስቱም «አይተነዋል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ከእናትየዋ ስልክ መጥቷል።

ፈሂማ ወደ አስያ ዞረች። አስያ ጥፍሯን እያየች በስዊድንኛ ተናገረች፤ እሷ ሁሌም በስዊድንኛ ነው። የባህረዲን አስተማሪ በየቀኑ ጮክ ተብሎ የሚነበበውን ገጽ ጠዋት በሩ ላይ ይለጥፋል። አስያ እዚያው ትምህርት ቤት ከላይኛው ፎቅ ወርዳ ወንድሟን ካፖርት ከሚሰቀልበት ጥግ ትወስደዋለች፣ ገጹን ጆሮው ላይ ታነብለታለች፣ እስኪይዘው። ቀድሞ ከደወል በፊት ይጨርሱ ነበር።

«ዘንድሮ ገጹ ረዘመ» አለች።

ሌላ ምክንያት አልጨመረችም። ያ ፈሂማ በመርከብ ተሻግራ ልትከፍተው የነበረው ትምህርት ቤት እኮ ተከፍቶ ኖሯል፤ እዚሁ፣ በካፖርት መካከል፣ በአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ።

ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጅ ይህን ያህል ስትቀር ለሶሻል ማሳወቅ የሕግ ግዴታዋ እንደሆነ፣ ለቅጣት ሳይሆን ለእርዳታ መሆኑን አስረዳች። ከዚያ ሁሉ ቃል ፈሂማ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። ጥፍሯ የእጄን ቆዳ ሲበሳው ተሰማኝ።

«ፈሂማ፣ ቤት ውስጥ ነገሩ እንዴት ነው?» አለች ዳይሬክተሯ።

ፈሂማ ፈገግ አለች። ያ ለሽማግሌዎቿ የምታሳየው ፈገግታ ነው። በጠራ ስዊድንኛ «ሁሉም ደህና ነው» አለች።

ያን ጊዜ አስያ ቀና አለች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ አማርኛ ከአፏ ሲወጣ ቀድሞ አስተማሪዋ የነበርኩት እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ?

«እማ፣ ደክሞኛል።»

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» አለችኝ። ሁለት ቃል ናት። ተረጎምኩላት።

ከዚያ ቀን በኋላ የፈሂማ ስልክ ተዘጋ። ረቡዕ ደወልኩ፣ ሐሙስ ደወልኩ፣ ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ደወልኩ። ሄዳለች አልኩ። ልጆቹን በዚያ ድካማቸው ይዛ ሄዳለች፤ ሶሻል ሲመጣ ባዶ ቤት ያገኛል፣ ከዚያ እውነተኛው ነገር ይጀምራል። የማመልከቻውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ብናገር ከዳኋት፤ ዝም ብል ልጆቹን ከዳሁ። ስድሳ አራት ዓመት ኖሬ እንዲህ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

መርከቡ ቅዳሜ በእኛ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። ሦስት ተኩል ላይ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፈርኩ። ሰማያዊው መስመር በዚያ ቀን የቆመበት ጣቢያ ሁሉ ረዘመብኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። በሩን ስደበድብ ሰንሰለቱ ተንኳኳና በቀዳዳው የሀዋ አንድ ዓይን ታየኝ።

«አሉ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ።

ኮሪደሩ ላይ ጥቁሩ ሻንጣ ቆሟል፣ ዚፑ ተዘግቶ። ፈሂማ ከሳሎን መጣች። ፊቷ ባንድ ሳምንት አርጅቷል። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ አንዱ ክፍል አመለከተችኝ። «አስያ ተኝታለች። ከረቡዕ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትተኛለች። ዛሬም አልነቃችም። እየሄድኩ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።»

«ትሄጃለሽ?» አልኳት ሻንጣውን እያየሁ።

«አላውቅም። ሶሻል ለረቡዕ ቀጥረውኛል። ለዓወል ነገርኩት፤ እሱም ፈራ። እሱ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። እኔም አየሁት። አራት ሰዓት ከሩብ ነው።

ተቀመጥን። ሻይ አላፈላችም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሰዓቱ ይሄዳል። አሁን ካልተነሡ አይደርሱም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ረቡዕ የሚመጣውን እያሰብኩ እኔ ራሴ ይዘሻቸው ሂጂ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ባህረዲን የስዊድንኛ መጽሐፉን ይዞ ከክፍሉ ወጣ። በባዶ እግሩ ኮሪደሩን አቋርጦ አስያ የተኛችበት በር ጋ ቆመ። እጀታውን ሊይዝ ሲል ፈሂማ ብድግ አለች።

«ተዋት» አለችው። «አምጣው ለእኔ።»

ልጁ ግራ ገባው። መጽሐፉን ሰጣትና አጠገቧ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እንደ ልማዱ ጆሮውን አቅርቦ፣ ሊቀበል። ፈሂማ ገለጠችው። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገች። የመጀመሪያውን ቃል አለችው። ሁለተኛውን ጀመረችና ተወችው፣ እንደገና ጀመረች፤ ረጅም ቃል ነው። መሐሉ ላይ ጠፋባት። ግንባሯ ላብ አወጣ። እኔ ልረዳት አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ። አራተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ቃሉ እንቢ አለ።

ባህረዲን ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

«አንቺም አትችይም እንዴ?» አላት።

ፈሂማ ሰዓቱን አየች። የአስያን በር አየች። ሁሉም ደህና ነው ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አልችልም» አለችው።

ባህረዲን ተጠጋት። ትንሿን ጣቱን ከጣቷ አጠገብ አስቀመጠና ቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ፊደል ነካት።

«ይቺን እኔ አውቃታለሁ» አለ።